የብስክሌት ኮምፒውተርና የልብ ጤና፤ በወልድያና በመርሳ መንገድ

ብስክሌት መንዳት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም ብዙ የተባለለት ነው። ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፤ የደም ግፊትንና በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ለመቆጣጠር ያግዛል፤ ክብደትን ይቀንሳል፤ እንቅልፍን ያሻሽላል። የሰውነትን ክብደት ኮርቻው ስለሚሸከመው ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን እንደ ሩጫ አያንገላታም። በዚህም ምክንያት ዕድሜያቸው ገፋ ላሉና ክብደታቸው ለበዛ ሰዎች ጭምር ይመከራል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ብስክሌተኞች በመሪው ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ አስረው ሲነዱ ማየት እየተለመደ መጥቷል። መሣሪያው የብስክሌት ኮምፒውተር ይባላል። በጂፒኤስ አማካኝነት የተጓዙበትን ርቀት፣ ፍጥነትን፣ የተወጣውን ዳገትና የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባል። የልብ ምት መለኪያ ከተጨመረለት ደግሞ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ያሳያል። ጋርሚን፣ ዋሁና ብራይተን የተባሉት ስሞች በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። መሣሪያውን ያልገዛ ሰውም ተመሳሳይ መተግበሪያ በእጅ ስልኩ ላይ ጭኖ መጠቀም ይችላል።

ለመሆኑ ይህ መሣሪያ ለጤና ምን ይጠቅማል? ከሚያሳያቸው ቁጥሮች የትኛውን ማመን፣ የትኛውንስ መተው ይገባል? ጥንቃቄ ማድረግ ያለባቸውስ እነማን ናቸው? በዛሬው ዓምዳችን እነዚህን ጥያቄዎች በሰሜን ወሎ ዞን ከወልድያ በሀብሩ ወረዳ እስከምትገኘው መርሳ ከተማ ያለውን መንገድ እንደ ምሳሌ ወስደን እንመለከታለን። መንገዱን የመረጥነው ያለምክንያት አይደለም። የመሣሪያው ቁጥር ሰውን የት ላይ እንደሚያታልል በግልጽ የሚያሳይ መንገድ ነው።

መሄዱ ቁልቁለት፣ መመለሱ ዳገት

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ በግምት 2000 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና የአስፋልት መንገድ ሲወርዱ፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ የምትታወቀው ስሪንቃ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። መርሳ ደግሞ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 1600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ በመካከሉ ወጣ ገባ ቢኖረውም፣ በጥቅሉ ሲታይ ከወልድያ ወደ መርሳ የሚሄድ ሰው 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሲመለስ ያንኑ ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ጀማሪ ብስክሌተኛ በማለዳ ከወልድያ ተነስቶ ወደ መርሳ ቢነዳ ምን እንደሚገጥመው እናስብ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቱ አልደከመም፤ መንገዱም ያግዘዋል። ኮምፒውተሩ በሰዓት 28 እና 30 ኪሎ ሜትር ያሳየዋል። ሰውዬው «ለካ እኔም እችላለሁ» ብሎ ይበረታታል። መርሳ ደርሶ ሲመለስ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ቆላማው አየር ሞቋል፤ የያዘው ውሃ አልቋል፤ ከፊቱ ያለው ዳገት ነው። ስክሪኑ አሁን የሚያሳየው በሰዓት 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ያየውን ቁጥር ለመመለስ ሲል ይታገላል። ልቡ ከአቅሙ በላይ የሚመታው ይሄኔ ነው። ለጤናማ ወጣት ይህ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ለሚኖር የ50 ዓመት ሰው ግን ጉዳዩ ከድካም ያለፈ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ100 ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ውስጥ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው። ብዙዎቹም ሕመሙ እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚኖሩ ናቸው። የደም ግፊት ያለ ምልክት ለዓመታት ሊቆይ የሚችል በሽታ በመሆኑ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ጠንከር ያለ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ግፊቱንና የስኳር መጠኑን ቢለካ ይመከራል። ምርመራው በጤና ጣቢያም የሚገኝ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ጂፒኤስ ከምድር 20 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚዞሩ ሳተላይቶች የሚሠራ የአቅጣጫና የቦታ መጠቆሚያ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ቦታና ትክክለኛ ሰዓት የያዘ የሬዲዮ ምልክት ያለማቋረጥ ይልካል። በብስክሌቱ ላይ ያለው መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ በመለካት ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያሰላል። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ ያለበትን ቦታና ከፍታ ማወቅ ይችላል። ቦታውን በየሴኮንዱ እየመዘገበ ነጥቦቹን ሲያያይዛቸው ርቀትና ፍጥነት ይገኛሉ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። መሣሪያው ምልክት ይቀበላል እንጂ አይልክም። በመሆኑም ጉዞን ለመመዝገብ ሲም ካርድም ሆነ የኢንተርኔት ዳታ አያስፈልግም። የስልክ ኔትወርክ በሌለበት የገጠር መንገድም ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታ አስቀድሞ ለመጫንና የተመዘገበውን ጉዞ ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ነው።

ስህተትም አለው። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ የቦታ ስህተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ተራራ በከበበው ሸለቆ፣ ከረጃጅም ሕንፃ አጠገብና ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ግን ስህተቱ ይጨምራል። ከፍታን በጂፒኤስ ብቻ መለካት ደግሞ ቦታን ከመለካት ይልቅ ለስህተት የተጋለጠ ነው። ለዚህም ሲባል ሻል ያሉት መሣሪያዎች የአየር ግፊት መለኪያ ተገጥሞላቸዋል። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መሣሪያው ይህን ወደ ሜትር ይቀይረዋል። ነገር ግን ዝናብ ሲመጣ የአየሩ ግፊት በራሱ ስለሚለዋወጥ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና ውሃ የመለኪያውን ትንሽ ቀዳዳ ስለሚደፍን የከፍታው ቁጥር ሊዛባ ይችላል። ከጉዞ በኋላ መሣሪያውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ቀዳዳውን መመልከት ይጠቅማል።

ሌላው ትንሽ ነገር ሰዓቱ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው የዓለም አቀፉን አቆጣጠር በመሆኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በስክሪኑ ላይ 6፡00 ሆኖ ይታያል። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይመዘገባል። የደም ግፊታቸውን ወይም የስኳር ልኬታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በደብተር የሚይዙ ሰዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ እንዳይሳሳቱ ልብ ሊሉ ይገባል።

ከቁጥሮቹ የትኛውን እንመን?

ስክሪኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ፍጥነት ነው። ለጤና ሲባል ግን ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ያለው ቁጥር እርሱ ነው። ፍጥነት የሰውነትን ልፋት ብቻ አያሳይም፤ ዳገቱን፣ ነፋሱን፣ የጎማውን አየር፣ የብስክሌቱን ክብደትና የአስፋልቱን ሁኔታ ደባልቆ የሚያሳይ ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው፣ ወደ መርሳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሚወርደው ሰው የበለጠ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ገብተው ፍጥነትን ከዋናው ገጽ ማውጣትና በምትኩ የፈጀውን ጊዜ፣ የልብ ምትንና የተወጣውን ከፍታ ማስገባት ጥሩ ነው።

የተወጣው ከፍታ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጦ 400 ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ፣ 80 ኪሎ ግራም ወደ ላይ አነሳ ማለት ነው። ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ፔዳል ስለሚያደርስ፣ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። ነፋስን ለመግፋትና ጎማን ለማንከባለል የሚወጣው ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነው።

መሣሪያው በራሱ የሚሰጠውን የካሎሪ ቁጥር ግን በግምትነቱ ብቻ መያዝ ይገባል። በተለይ የልብ ምት መለኪያ ካልተገጠመለት፣ ወይም ክብደትና ዕድሜ በትክክል ካልተሞሉ ቁጥሩ እጅግ ሊጋነን ይችላል። ክብደት ለመቀነስ የሚነዳ ሰው «ዛሬ 900 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ብሎ በዚያው ልክ ቢመገብ ልፋቱን ያጣዋል።

የልብ ምትን ማንበብ

የልብ ምት በደረት ላይ በሚታሰር ቀበቶ ወይም በእጅ አንጓ ላይ በሚደረግ ሰዓት ይለካል። ብስክሌት ላይ እጅ መሪውን አጥብቆ ስለሚይዝና መንገዱ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ የደረቱ ቀበቶ ከእጅ ሰዓቱ የተሻለ ትክክለኛ ነው።

አንድ ሰው በከፍተኛ ልፋት ላይ ልቡ ሊመታ የሚችለውን የመጨረሻ መጠን በግምት ለማወቅ ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንሳል። መካከለኛ የሚባለው ልምምድ ከዚህ መጠን ከ64 እስከ 76 በመቶ ያለው ነው። በዚህ ስሌት መሠረት የ30 ዓመት ሰው በደቂቃ ከ122 እስከ 144፣ የ45 ዓመት ሰው ከ112 እስከ 133፣ የ60 ዓመት ሰው ደግሞ ከ102 እስከ 122 ምት ባለው ክልል ውስጥ ሆኖ ቢነዳ መካከለኛ ልምምድ እያደረገ ነው።

ይህ ስሌት የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የአንድ ሰው ልክ አይደለም። ከሰው ሰው በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ዘወትር በአፍ መፈተን ያስፈልጋል። እየነዱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ ነገር ግን መዝፈን ካቃትዎ ልፋቱ መካከለኛ ነው። ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽዎ የሚቆራረጥ ከሆነ ከባድ ሆኗል። ቁጥሩና አፍዎ ካልተስማሙ አፍዎን ይመኑ።

በመሣሪያው ላይ የልብ ምት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ድምፅ የሚያሰማ ማንቂያ አለ። ጠቃሚ ከሆኑት ቅንብሮች አንዱ ይህ ነው። የ45 ዓመት ሰው ማንቂያውን 135 ላይ ቢያደርገው፣ ከስሪንቃ ወደ ወልድያ ባለው ዳገት ላይ ድምፁን በሰማ ጊዜ ማርሽ ቀንሶ ያዘግማል። እንደ ፎኒክስ ያለ ማርሽ የሌለው ብስክሌት የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ወርዶ መግፋት ነው። ወርዶ መግፋት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ብስክሌት እየገፉ ዳገት መውጣት ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው።

ከጉዞ በኋላ የሚታይ ሌላ ቁጥርም አለ። ጠንክሮ ከነዱ በኋላ ፔዳሉን በቀስታ እያዞሩ አንድ ደቂቃ ሲቆዩ የልብ ምት በግልጽ መውረድ አለበት። በመጀመሪያው ደቂቃ ከ12 ምት በላይ የማይወርድ ከሆነና ይህም በተደጋጋሚ ከታየ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የሚለካ የልብ ምት ከወትሮው በብዙ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሰውነት ዕረፍት እየጠየቀ፣ ወይም ሕመም እየጀመረ ሊሆን ይችላል። ወባ በሚገኝባቸው የሀብሩ ቆላማ አካባቢዎች ይህ ምልክት ችላ የሚባል አይደለም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ ብስክሌቱን አቁሞ ደም መመርመር ይቀድማል። በትኩሳት ላይ መልመድ ልብን ይጎዳል።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ሰዎች ከላይ የተጠቀሰውን የልብ ምት ስሌት መጠቀም የለባቸውም። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ፣ ሰውዬው በጣም እየለፋም ቢሆን ስክሪኑ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳየው ይችላል። «ገና ነኝ» ብሎ ቢጨምር ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ለእነዚህ ሰዎች የንግግር ፈተናው ይበልጥ ይሠራል። መድኃኒቱን ለልምምድ ሲባል ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሙቀት ሰዓት ቶሎ ፈሳሽ ሊያጡና ሲቆሙ ሊያዞራቸው ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ በልምምድ መካከልም ሆነ ከሰዓታት በኋላ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ከመውጣታቸው በፊት ሊለኩ፣ በኪሳቸው ስኳር ወይም ከረሜላ ሊይዙና ብቻቸውን ከመሄድ ሊቆጠቡ ይገባል። ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባትና ድንገተኛ ረሃብ ሲሰማቸው ወዲያው ቆመው ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለባቸው።

ሙቀት፣ ውሃና ጾም

በሰዓት የሚያስፈልገው ውሃ እንደ ሰውነቱና እንደ አየሩ ቢለያይም ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ለብዙ ሰው ይበቃል። የራስን ልክ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከጉዞ በፊትና በኋላ መመዘን ነው። የቀነሰው አንድ ኪሎ ግራም በግምት የአንድ ሊትር ፈሳሽ እጥረት ነው። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው «ጠጣ» የሚል ማስታወሻ እንዲሰጥ ማድረግም ይቻላል። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መጎንጨት ይሻላል።

በአካባቢው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾምን አጥብቆ ይጠብቃል። በረመዳን ውሃ ስለማይጠጣ ቀን ላይ ረጅም ጉዞ ማድረግ አይመከርም። ለመንዳት የፈለገ ሰው ማፍጠሪያው ሲቃረብ በሜዳ ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀለል አድርጎ ቢነዳና ወዲያው ቢያፈጥር ይሻላል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በሌሎች አጽዋማት እህል ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ዳገትና ረጅም ርቀትን ከምግብ በኋላ ወዳሉ ሰዓታት ማዛወር አለባቸው። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ገንቢ ምግብ ይሰጣሉ። በጾም ቀን የልብ ምት በዚያው መንገድ ከወትሮው ከፍ ብሎ ከታየ ልፋቱን መቀነስ ነው።

ስምንት ሳምንት ለጀማሪ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ወደዚህ ለመድረስ የሚከተለውን መጠቀም ይቻላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ20 ደቂቃ ሜዳማ በሆነ ቦታ መንዳት። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት በሳምንት አራት ቀን ለ25 ደቂቃ። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት አራት ቀን ለ30 ደቂቃ ሆኖ፣ ከእነዚህ በአንዱ ቀን ትንሽ ዳገት መጨመር። በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ። በዚህም 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቀን የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለማሟሟቂያና ለማቀዝቀዣ የሚውሉ ናቸው።

ከወልድያ ወደ ደቡብ የሚነሳ ሰው አንድ ተጨማሪ ሕግ ያስፈልገዋል። 60 ደቂቃ ለመንዳት ካሰበ ሰዓቱ 20 ደቂቃ ሲል መመለስ ይጀምር። መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ ለመመለሻው እጥፍ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። ከመርሳ ወደ ሰሜን የሚነሳ ሰው በአንጻሩ ከባዱን በጠዋቱ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚወርድ በመሆኑ ዕድለኛ ነው። ከወልድያ በስተምዕራብ ወደ ድልብ የሚወጣው መንገድ ግን ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ዳገቱ የከፋ ከመሆኑም በላይ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ልብ በተመሳሳይ ልፋት የበለጠ ይመታል።

ጉልበት ላይ ሕመም የሚሰማው ሰው የኮርቻውን ከፍታ ይመልከት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር በጣም ከታጠፈ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋና ዳሌ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ደግሞ ከፍ ብሏል። እግሩ በትንሹ የታጠፈ መሆን አለበት።

ዓይን ከመንገዱ አይነሳ

የወልድያ–ደሴ መንገድ ከባድ ተሽከርካሪ፣ ሚኒባስና ባጃጅ የሚተላለፍበት ዋና መስመር ነው። ከብት፣ ግመልና እግረኛም ይጋራዋል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ጭንቅንቁ ይበረታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌተኛ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። ስክሪኑን ለሁለት ሴኮንድ ቢመለከት 22 ሜትር ያህል ዓይኑን ጨፍኖ እንደነዳ ይቆጠራል። በዚህ መካከል አንድ ፍየል ወይም አንድ ሕፃን መንገዱን ሊያቋርጥ ይችላል። በመሆኑም በቁልቁለት ላይ ስክሪን ማየት ክልክል መሆን አለበት። ቁጥሩ ተመዝግቦ ስለሚቆይ ቤት ገብተው ያዩታል።

የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ፣ ከሩቅ የሚታይ ልብስ መልበስ፣ ከመውጣት በፊት ፍሬንን መፈተሽና ከመጨለሙ በፊት መመለስ መሠረታዊ ናቸው። ከከተማ ከመውጣት በፊት የመንገዱን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ መጠየቅ፣ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተሰብ መንገርም እንዲሁ። አንዳንድ መሣሪያዎች ብስክሌተኛው ሲወድቅ ለቤተሰብ መልእክት የመላክ አገልግሎት አላቸው። ይህ ግን የሚሠራው በስልክ በኩል በመሆኑ ኔትወርክ በሌለበት አያድንም። ከጓደኛ ጋር መንዳት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

የተመዘገበውን ጉዞ በማኅበራዊ መገናኛ ማጋራትም ጥንቃቄ ይሻል። መዝገቡ የመኖሪያ ቤትን፣ የሚወጡበትን ሰዓትና ብቻዎን የሚሆኑበትን ቦታ ይናገራል። ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ያሳተመው የተጠቃሚዎች እንቅስቃሴ ካርታ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ወታደራዊ ካምፖችን ቅርጽ ሳይታሰብ አጋልጦ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ጉዞውን ለራስ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ማስቀመጥ ተመራጭ ነው።

መሣሪያው ባይኖርስ?

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949 ዓ.ም የሜልቦርን ውድድር ብስክሌተኞቿ ሲነዱ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ በነዳበት ዘመን ደግሞ የልብ ምትና የፔዳል ጉልበት ልኬት የባለሙያ ብስክሌተኞች የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። መሣሪያው ይለዋወጣል፤ ልብ ግን ያው ልብ ነው።

የብስክሌት ኮምፒውተር መግዛት የማይችል ሰው በስልኩ መመዝገብ ይችላል። ስክሪኑን አጥፍቶ በኪሱ ቢይዘው ባትሪውም ይቆይለታል፤ ዓይኑም ከመንገድ አይነሳም። ስልክም ከሌለ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ቆም ብሎ በአንገት ወይም በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥርን ለ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የልብ ምትን ይሰጣል። በደብተር ላይ ቀኑን፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ የልብ ምቱንና የተሰማውን ስሜት የሚጽፍ ሰው ከስምንት ሳምንት በኋላ ያለበትን ለውጥ በግልጽ ያያል። ያንኑ ዳገት በዝቅተኛ የልብ ምት መውጣት ከቻለ ልቡ ጠንክሯል ማለት ነው። ከመሣሪያው ከሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ለጤና ደስ ሊያሰኝ የሚገባውም ይኸው ነው።

በመጨረሻ፣ በሚነዱበት ጊዜ ደረት ላይ መጨነቅ ወይም መወጋት፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከልፋቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መዘበራረቅ ከተሰማዎ ወዲያውኑ ያቁሙ። «ጥቂት ልግፋና ኪሎ ሜትሩ ይሙላ» አይበሉ። ጥላ ሥር ይቀመጡ፤ ሰው ይጥሩ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በተሽከርካሪ ይሂዱ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። መሣሪያው ያልተጠናቀቀውን ጉዞ ነገም ይመዘግበዋል።

መልካም ጤንነት!